ፈታኙ ሬጂስ አውሮፕላን ሲመርጥ

የሬጂስ ፓንሽሮ ሥራ ሰው መጣል ነበር። ትግል ገጣሚ እንዳይመስላችሁ፤ ቁመቱ አጭር፣ ክንዱ ቀጭን ሰው ነው። የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በፈረንሳይ፣ በበርገንዲ የገጠር መንገዶች ላይ ከተፈታኝ ጎን ተቀምጦ፣ ቢጫ እርሳሱን እያኘከ፣ ዳቦ ጋጋሪውን ጣለ፤ ቄሱን ጣለ፤ የከንቲባውን ልጅ ሁለቴ ጣለ። ሞተሩ ጠፍቶ ተፈታኙ ላቡን እየጠረገ «እንዴት ነበርኩ ሙሴ ሬጂስ?» ሲለው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ውጤቱ በፖስታ ይደርስዎታል።» የጣለውን ሰው ዓይን ዓይኑን ማየት አይወድም። ያንን ጣጣ ለፖስተኛው ነበር የተወለት።

ጡረታ ሲወጣ ምን እንደነካው እንጃ፣ ልብረር አለ።

ከቫልሮዥ መንደር ጀርባ የሳር ሜዳ አለ። አንድ የአውሮፕላን ማደሪያ ሃንጋር፣ አንድ የነፋስ አቅጣጫ የሚያሳይ ከረጢት፣ እና እሁድ እሁድ አሥራ አንዱ የክለብ አባላት ቋሊማ እየጠበሱ ዛሬ የማይበሩበትን ምክንያት የሚዘረዝሩበት አንድ ረጅም ጠረጴዛ። ሬጂስ ሊመዘገብ ብቅ ሲል ጠረጴዛው ዙሪያ ጸጥ አለ። ከአሥራ አንዱ ሰባቱን ጥሏቸዋል። አስተማሪው ሉዶ ራሱ፣ ያ መዳፉ አካፋ የሚያህል ግዙፍ ሰው፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሁለት ጊዜ ወድቆበታል። አንዱ ለዶሮ ቅድሚያ ባለመስጠት ነበር።

«እንኳን ደህና መጣህ ሬጂስ!» አለው ሉዶ ጥርሱን ሁሉ አሳይቶ። «እዚህ ሁላችንም አንተ ነው የምንባባለው። በል ቀበቶህን እሰር።»

ያቺ «አንተ» ሬጂስን ውስጥ ድረስ ወጋችው፤ ግን ዋጣት። እውነት ለመናገር ሉዶ አልተበቀለውም። ሁለት ዓመት ሙሉ አስተማረው፤ ሬጂስ ሲያሳርፍ ሜዳውን ሦስቴ እየዘለለ ቢጨርሰው እንኳ አልሰደበውም። ብቻውን በበረረ ዕለት እንደ ወጉ አንድ ባልዲ ውሃ አናቱ ላይ ተደፋበት። ባልዲውን ልያዝ ልያዝ ብለው ሰባት ሰዎች ተሰልፈው ነበር፤ እሱ እንግዲህ ወግ አይደለም።

የአብራሪነት ፈቃዱን ኪሱ ሲያስገባ የራሱን አውሮፕላን ፈለገ። የክለቡን አሮጌ አውሮፕላን ሳይሆን የራሱን፤ ሚስቱን ኮሪንን ይዞ የሚወጣበትን። ነገሩ ሁሉ ኮሪን ነበረች። ሴትየዋ ሠላሳ አራት ዓመት አብራው ስትኖር መሪ በጨበጠች ቁጥር እሱ ከጎኗ ተቀምጦ በየመታጠፊያው «እፍፍ» ይላል፤ እሷም ጥርሷን ነክሳ ትነዳለች። አሁን እሱ ከላይ ሆኖ ቤታቸውን ሊያሳያትና አንዲት ቃል ሊሰማ ጓጉቷል። «ጎበዝ» እንድትለው። በሠላሳ አራት ዓመት ብላው አታውቅም። እሱስ ብሏት ያውቃል ወይ? እሱን ማንም አልጠየቀው።

«አንድ ጊዜ» አለችው ኮሪን ጣቷን ቀስራ። «አንድ ጊዜ ብቻ ካንተ ጋር እወጣለሁ። የምትመርጠው አውሮፕላን ላይ አንዲት የማትጥመኝ ነገር ካየሁ ግን ዳግመኛ እንዳትጠይቀኝ። ተስማማን?»

«ምርጫውን ለኔ ተይው» አለ ሬጂስ፣ እርሳሱን ከጆሮው ላይ እያወረደ።

ሰዎች በገዛ ቤታቸው በእንጨትና በሸራ የሚሠሩትን ዓይነት አውሮፕላን ሊገዛ እንደሆነ ሲሰማ ሉዶ ጠርቶ አስቀመጠው። «ደግ አስበሃል» አለው። «ቀላል ናቸው፣ ኪስም አይጎዱም። ግን ጀማሪ ነህና ፈጣኗን ተዋት። ዝግ ብላ የምትሄድ፣ ስትሳሳት የምትታገስህን ውሰድ። ደግሞ ከአውሮፕላኑ በፊት የሠራውን ሰውዬ እየው። እሱ ከሌለ ሸራውን የሰፋችውን ሴት ፈልግና የምትልህን ስማ።»

«እኔ መስፈርት አለኝ» አለ ሬጂስ።

ነበረውም። አራት ገጽ፣ አርባ ሦስት ጥያቄ፣ በየጥያቄው ጎን «አልፏል» እና «ወድቋል» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች። የቀለሙ ጥራት ነበረበት፤ የመቀመጫው ቆዳ ነበረበት፤ የበሩ እጀታ ነበረበት። ሉዶ ያለው አንዱም አልነበረበትም።

መጀመሪያ ያዩት የአንድ ጥርስ ሐኪም ሥራ ነበር። ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ቀጭን ነገር። ሬጂስ ልቡ ሄደ።

«ለጀማሪ ትሆናለች?» አለ።

«ለምን አትሆንም?» አለ ሐኪሙ። «ስታርፍ ትንሽ ትቆጣለች እንጂ። እኔ አጥር ውስጥ የገባሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።»

ከአርባ ሦስቱ አርባውን አለፈች። አጥር የሚል ጥያቄ ስላልነበረ አልተቀነሰባትም። ኮሪን አንድ እግሯን አስገብታ ሌላውን የምታደርግበት ስታጣ፣ «እዚህ ለመግባት ቀሚሴን ማውለቅ አለብኝ?» አለችና ወደ መኪናው ተመለሰች። ሬጂስ አርባ ነጥቡን ታቅፎ ቀረ።

ሁለተኛው የጡረተኛው ፖስተኛ ነበር። አንዱ ክንፍ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ አካሉ መኝታ ቤት ነው፤ ጅራቱ ላይ ሚስቱ ካልሲ አስጥታበታለች።

«አልቋል ማለት ይቻላል» አለ ፖስተኛው።

«አሥራ አንድ ዓመቱ ነው አልቋል ማለት ከተቻለ!» አለች ሚስቱ ከማድ ቤት።

ፖስተኛው እርሳሱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «እርስዎ ፈታኙ ነዎት! ስንቱን የወደቀ ሰው ፖስታ ያደረስኩት እኔ ነኝ ሙሴ ሬጂስ። ሁለት ጊዜ ውሻ ለቀውብኛል፣ የርስዎን ደብዳቤ ይዤ ስሄድ!»

ሬጂስ ጥያቄዎቹን ሳይጨርስ ወጣ።

ሦስተኛው ከመንደሩ ዳር፣ ማዳም ሶላንዥ ጎተራ ውስጥ ነበር። ባላቸው ማርስያል አናጺ ነበር፤ አሥራ አራት ዓመት ሠርቶ፣ ዘጠኝ ዓመት በርሮበት፣ ባለፈው ክረምት አልጋው ላይ ሞቷል። ማዳም ሶላንዥ ሰባ ስምንታቸውን የያዙ፣ ፔዳል ባላት ትንሽ ሞተር ብስክሌት ገበያ የሚሄዱ ሴት ናቸው። ሬጂስን ከበሩ ላይ አዩት፤ ከዚያ እርሳሱን አዩት፤ ትንሽ ቆዩና «ይግቡ» አሉ።

አውሮፕላኗ የአተር ሾርባ ቀለም ነበራት። አፍንጫዋ ደፍጣጣ፣ ሆዷ ሰፊ፣ ክንፏ ወፍራም። ሬጂስ እየዞረ «ወድቋል፣ ወድቋል፣ ወድቋል» እያለ ይሞላል። ክንፉ ሥር ሲያጎነብስ ደግሞ ሸራው ላይ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ ቀዳዳዎች አገኘ። ቆጠራቸው፤ ሃያ አራት። ደስ አለው፤ ጥፋት ሲያገኝ ደስ ይለዋል። በሠላሳ አንደኛው ጥያቄ ጎን «ክንፍ ሥር የተበሳሳ ሸራ፤ የሚጠገን» ብሎ ጻፈ።

«እነዚያ ቀዳዳዎች...» ብለው ጀመሩ ማዳም ሶላንዥ።

ሬጂስ ቀና ሳይል እርሳሱን አነሣባቸው። «አይቻቸዋለሁ ማዳም። ተፈታኝ በፈተና ሰዓት አይናገርም።»

ማዳም ሶላንዥ አፋቸውን ዘጉ። ኮሪን በባሏ ፈንታ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

በድምሩ አሥራ ሁለት ነጥብ አገኘች። ሬጂስ ቅጹን አጥፎ ሊወጣ ዞር ሲል ግን ኮሪን የለችም። አውሮፕላኗ ውስጥ ገብታ ተቀምጣለች። ትራሱን ደገፍ ብላ፣ እጇን ጣውላው ላይ አሳርፋ፣ እንደ ቤቷ።

«ኮሪን፣ ውረጂ እንጂ። ወድቃለች እኮ።»

«አልወርድም» አለች። «እዚህ ውስጥ አልፈራም። ሰውዬው ለሚስቱ እንደሠራው ያስታውቃል።»

ማዳም ሶላንዥ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ገዛት። እሁድ ጠረጴዛው ላይ «ብዙ ካመዛዘንኩ በኋላ መረጥኩ» ሲል ኮሪን ቀና ሳትል ቋሊማዋን ቆረጠች። ሉዶ አውሮፕላኗን አይቶ እውነቱን ነገረው፦ «ከማርስያል እጅ መጥፎ ነገር አይወጣም። የተሻለ ልትመርጥ አትችልም ነበር።» ሬጂስ ሆዱ ቅቤ ጠጣ። መምረጡን ብቻ ነው የሰማው።

መስከረም ላይ ከሉዶ ጋር ጥቂት ጊዜ በረረባት። ለስላሳ ነበረች፤ ሲሳሳት ታገሰችው። ብርዱ ሲገባ ሃንጋር አስገባትና ቅጹን አውጥቶ «የሚጠገን» ያላቸውን ሁሉ ይጠግን ጀመር። አቤት አጠጋገን! የበሩን እጀታ ቀየረ። መቀመጫዋን ቆዳ አለበሰ። ሃያ አራቱን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ክብ ክብ ሸራ ቆርጦ፣ በሙጫ ለጥፎ፣ በዚያው የአተር ቀለም ቀብቶ ደፈናቸው። ጀርባው ላይ ተንጋሎ አሥራ ሁለት ቀን ፈጀበት። ሲጨርስ በእጁ ዳሰሰው፤ የተወለወለ ሳህን ሆኗል። ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ውጭ እያወጣ፣ ልክ መኪናውን እንደሚያጥበው፣ በኃይል በሚረጭ የውሃ ጎማ ያጥባት ጀመር።

ሉዶ አንድ ቅዳሜ ደረሰበት። «ሬጂስ፣ ምን ነካህ? እንጨት እኮ ውሃ አይወድም!»

«መርከብስ ከምን ነበር የሚሠራው?» አለ ሬጂስ፣ ጎማውን ሳይዘጋ።

«ይሄ መርከብ ነው?»

«ሉዶቪክ፣ ለዶሮ ቅድሚያ ያልሰጠ ሰው ስለ ጥንቃቄ አያስተምረኝም።»

እዚያ የነበሩት የክለብ አባላት ሁሉ ሳቁ። ሉዶም ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ፤ በዚህ ትከሻ መነቅነቁ ኋላ ራሱን ሲረግም ኖሯል። ሌሎቹማ እየመጡ «ወይ ማማር!» ይላሉ። እናንተዬ፣ አሥራ አንድ አውሮፕላን አዋቂ ነኝ ባይ፣ አንዱ እንኳ ጎንበስ ብሎ ክንፍ ሥር አላየም። ቦርጫቸው አያስጎነብሳቸውማ።

በዚያ ዓመት ፀደዩን ሙሉ ዘነበ። ሜዳው ጭቃ ሆኖ የተከፈተው ለዕርገት በዓል ነው። የክለቡም ዓመታዊ ድግስ ያኔ ነው፤ ቫልሮዥ ያለ ሰው ሁሉ ወንበሩን ይዞ ይመጣል። ሬጂስ አውሮፕላኗን ከሁሉ ፊት አቆማት። ኮሪን ሻሿን አገጯ ሥር አስራ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ አመድ መስላ ቆማለች። ፈርታለች፤ ግን መጥታለች።

«ወራት ሙሉ አልበረርክም» አለው ሉዶ። «መጀመሪያ እኔና አንተ አንድ ዙር። ከዚያ ኮሪንን ትወስዳለህ።»

«ይሁን» አለ ሬጂስ። ለኮሪንም ጠጋ ብሎ፣ «ሩብ ሰዓት ብቻ ታገሺ» አላት። ለደስታው ደረቱ አልበቃ ብሎት ነበርና፣ ለዚህ እንኳ አልስቅበትም።

ያኔ ነው ማዳም ሶላንዥ በሞተር ብስክሌታቸው እያንደቀደቁ ሜዳውን አቋርጠው የመጡት። ማርስያል የሠራት አውሮፕላን ስትነሣ ሊያዩ ነው። ወረዱ፤ አፍንጫዋን ዳበስ አደረጉ፤ ከዚያ አንድ እጃቸውን ክንፉ ሥር ሰደው ቀስ እያሉ ወደ ጫፉ ተራመዱ። መሐል ሲደርሱ ቆሙ። ተመልሰው እንደገና ዳሰሱ።

«ቀዳዳዎቹ የታሉ?»

«ደፈንኳቸዋ ማዳም!» አለ ሬጂስ ደረቱን ነፍቶ። «ሃያ አራቱንም። ቦታቸውን እንኳ አያገኙትም።»

ማዳም ሶላንዥ ክንፉን በጣታቸው አንጓ መቱት። መልሰው መቱት። «ሉዶ ልጄ» አሉ፣ «እስቲ ጫፉን ይዘህ ከፍ ዝቅ አድርግልኝ።»

ሉዶ ያዘና ነቀነቀው። ክንፉ ውስጥ ጭልቅ የሚል ድምፅ ተሰማ። ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሰው ሁሉ ሹካውን አስቀመጠ።

ማዳም ሶላንዥ ከቦርሳቸው የስፌት መቀሳቸውን አወጡ። «ኧረ ማዳም! ምን ሊያደርጉ ነው?» ብሎ ሬጂስ ሲጮህ፣ እሳቸው በገዛ እጃቸው የሰፉትን ሸራ ክንድ በሚያህል ርዝመት ሸረከቱት። ውሃው ወረደ። ጥቁር፣ የሚሸት ውሃ፣ ሬጂስ ለዚህ ቀን ባስወለወለው ጫማ ላይ ተደፋ። አንድ ባልዲ ይሞላል። ሉዶ እጁን በስንጥቁ አስገብቶ የክንፉን ዋና እንጨት ጨመቀው፤ ጭብጥ ሙሉ እንጨት እንደራሰ ዳቦ ተቦጭቆ ወጣ። ሙጫው ሁሉ ለቋል።

ሉዶ መዳፉን እያየ ቁጭ አለ፤ እዚያው ሳሩ ላይ። «ሩብ ሰዓት» አለ። «ሩብ ሰዓት ዘግይተው ቢመጡ ኖሮ እኔ እዚህ ውስጥ ነበርኩ።» ቀና ብሎ ኮሪንን አየ። «ከኔ ቀጥሎ ደግሞ...» አልጨረሰውም።

«ቀዳዳዎቹን የበሳኋቸው እኔ ነኝ» አሉ ማዳም ሶላንዥ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «በጋለ ሚስማር፣ ማርስያል እያሳየኝ። እንጨት ያልበዋል ሙሴ ሬጂስ። ከላይ ዝናብ ይገባዋል። የገባው በእነዚያ ይወጣ ነበር። ልነግርዎት ስል እርሳስዎን አነሡብኝ።»

ሬጂስ ወደ ራሰው ጫማው አቀረቀረ።

«ሦስት ጊዜ ጥለውኛል» ቀጠሉ። «አያስታውሱኝም፣ አውቃለሁ። ሦስቱንም ጊዜ መስታወት አላዩም ብለው። አይቼ ነበር። ልናገር ስል፣ ተፈታኝ አይናገርም አሉኝ። ይኸው ሃያ ስድስት ዓመት ዝናቡንም በረዶውንም በዚህች ብስክሌት ነው የምወጣው። ያም ሆኖ የባሌን የእጅ ሥራ ሸጥኩልዎት፤ ሚስትዎ ስትቀመጥበት ስላየሁ።»

መቀሱን ከተው ወደ ብስክሌታቸው ሲሄዱ ሬጂስ ተከተላቸው። ሰው ሁሉ እያየው ነበር፤ ግን ግድ አልሰጠውም። እንባው መጥቶ ነበር። «ማዳም ሶላንዥ፣ እባክዎን... ትድናለች? እኔስ ልጠግናት እችላለሁ?»

ማዳም ሶላንዥ ፔዳሉን ረገጡ። ሞተሩ ሲነሣ ዓይን ዓይኑን አዩት፦

«ውጤቱ በፖስታ ይደርስዎታል።»

ሰባቱም የወደቁ ሰዎች ሰሙ። አንዳቸውም አልሳቁም። የሳቁት ሴትዮዋ ከሜዳው ከወጡ በኋላ ነው፤ ያኔማ እስኪያልባቸው ሳቁ።

ወደ ቤት ሲመለሱ የነዳችው ኮሪን ናት። ሬጂስ አንድ መታጠፊያ ላይ እንኳ «እፍፍ» አላለም።

በአራተኛው ቀን ፖስታው መጣ። ሬጂስ በመስኮት አዲሱን ፖስተኛ ሲያይ ቁርሱን ትቶ ተነሣ፤ ደጅ ድረስ ሄዶ ግን እጁ አልዘረጋ አለው። ኮሪን ተቀበለችለት፤ ቀደደችው፤ ቆማ ጮክ ብላ አነበበችው፦

«ስም፣ ሬጂስ ፓንሽሮ። ውጤት፣ ወድቀዋል። ምክንያት፣ ክንፍ ሥር ያያሉ እንጂ የሚነግርዎትን አይሰሙም። ድጋሚ ፈተና፣ ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት፣ ጎተራው ውስጥ። የማርስያል መሣሪያዎች አሉ። አሮጌ ሱሪ ይልበሱ።»

ሁለተኛ ጊዜም አነበበችው። ሁለተኛው ለሱ አልነበረም፤ ለራሷ ደስታ ነው።

ሬጂስ ቡናውን ገፋ አደረገና ቀና አለ። «አንቺስ ኮሪን?» አላት። «አንዲት የማትጥመኝ ነገር ካየሁ ብለሽ ነበር። ክንፉን እንደገና ከሠራሁት... አንቺስ ከኔ ጋር...»

ኮሪን ቢጫውን እርሳስ ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ በጥርሷ ያዘችው። ከቁም ሳጥኑ አሮጌ ሱሪውን አውጥታ ጭኑ ላይ ጣለችለት።

«ተፈታኝ በፈተና ሰዓት አይናገርም» አለችው።